የሌለ ውሃ

መጀመሪያ የመጣው ውሃው ነው። የካቲት ነበር፤ የፎገራ ሜዳ ደርቆ የሚሰነጣጠቅበት፣ ስንጥቁ የጥጃ ሰኮና የሚይዝበት ወር። ከቢሮ ወጥቼ ወደ ቤት ስሄድ፣ የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገድ ከሚለያዩበት ቦታ ላይ፣ የቀኝ ጫማዬ ውስጥ ውሃ እንደገባ ተሰማኝ። የፈሰሰ ነገር የረገጥሁ መስሎኝ ዞሬ አየሁ። መንገዱ አቧራ ነው። ከአንድ የቆመ የጭነት መኪና ተደግፌ ጫማዬን አወለቅሁ። ካልሲዬ ደረቅ ነው። እግሬን በእጄ ዳሰስሁት፤ ደረቅ ነው። ጫማውን መልሼ ሳጠልቀው ግን ውሃው እዚያው ነበር፤ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ድረስ፣ ቀዝቃዛም ሙቅም ያልሆነ፣ የማይንቀሳቀስ ውሃ።

እኔ የሩዝ ባለሙያ ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት ሰሜን ሸዋ፣ ብርዱ አጥንት ዘልቆ በሚገባበት ደጋ ላይ ነው፤ እንጀራዬን የማገኘው ግን እዚህ ወረታ፣ በግብርና ቢሮ ነው። ክረምቱን ሙሉ ሥራዬ እግሬን ውሃ ውስጥ ነክሮ መዋል ነው። ውሃ ማሳው ላይ እስከ መቼ እንደሚቆም፣ መቼ እንደሚለቀቅ ለገበሬው የምነግረው እኔ ነኝ። እንግዲህ ውሃ በሰው ሁሉ ቢቀልድ በእኔ ባይቀልድ ደስ ይለኝ ነበር። ጫማው ነው ብዬ ጫማ ለወጥሁ። ካልሲው ነው ብዬ ካልሲ ለወጥሁ። ከዚያ ተናደድሁና ነገሩን ተውሁት። መናደድ ለእኔ እንደ መድኃኒት ነው፤ ብዙ ጊዜ ይሠራል።

የምኖረው ከከተማው ጫፍ፣ ሜዳው ከሚጀምርበት፣ በአንድ የድጓ መምህር ግቢ ተከራይቼ ነው። ሰፈሩ ሁሉ «የኔታ» ይላቸዋል፣ እኔም እንደ ሰፈሩ። ባለቤታቸውን «እትየ» እላቸዋለሁ። ልጆቻቸው አድገው ተበትነዋል፤ ስለዚህ ሁለቱም እኔን ለማሳደግ ቆርጠው ተነሥተው ነበር። ሠላሳዎቹን ያጋመስሁ የመንግሥት ሠራተኛ መሆኔን ማንም አልቆጠረልኝም።

ውሃውን ለመድሁት ስል ተራው የግራ ዓይኔ ሆነ። አንድ ጠዋት ሳዞረው ከበስተኋላው አመመኝ። የገበያ ቀን ስለ ነበር አመመኝ ብዬ አልቀረሁም፤ በርበሬ ልገዛ ወጣሁ። ሻጯ ፊት ቆሜ ድንገት ቀኝ ዓይኔን ባሸው፣ ጆንያው ላይ የተከመረው በርበሬ አመድ ሆነ። ቀኙን ስገልጠው ቀይ በርበሬ ነው። ስጨፍነው አመድ ነው። መሀሉ ላይ ደግሞ የሴትዮዋ ፊት የነበረበት ቦታ ጭጋግ ቆሟል፤ ሻሿና እጆቿ ብቻ ይታዩኛል። እኔ ደጋግሜ ስጨፍንና ስገልጥ እሷ በበርበሬዋ የማሾፍ መስሏት ተቆጣች። ድምፅዋ የመጣው ከዚያ ፊት ከሌለው ጭጋግ ውስጥ ነበር። ሳልገዛ ተመለስሁ።

ሐኪም ቤት አልሄደችም እንዳይባል፣ ሄጃለሁ። አንዱ ታይፎይድ ነው አለኝ። ሌላው የደም ማነስ ነው አለኝ። ሌላው እግሬንም ዓይኔንም ሰምቶ ሲያበቃ «ነርቭ ነው» ብሎ የቫይታሚን መርፌ አዘዘልኝ። በእኛ አገር «ነርቭ ነው» ማለት «እኔንም ግራ ገብቶኛል» ማለት ነው፤ ይኸ ሰው ግን ሳያውቀው ልክ ነበር። መርፌውን ወስጄ ሳልጨርስ ዓይኔ በራሱ ጊዜ ተመለሰ። በርበሬውም በርበሬ ሆነ። የዚህ በሽታ ተንኮሉ እዚህ ላይ ነው፤ የወሰደውን ይመልሳል፣ አንቺም ትረሺዋለሽ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይሉ የለ።

መጋቢት ላይ ሙቀቱ በረታ። በዚያ ወር ሜዳው ላይ በመስኖ ሽንኩርት ስለሚለማ፣ ማሳ ለማሳ ስዞር ቀትር ሆነብኝ። የፎገራን ቀትር የማያውቅ ሰው ብዙ አያስብበትም። ዛፍ የለም። ነፋሱ ይቆማል፣ ወፍ ዝም ይላል፣ የሰው ጥላ ከእግሩ ሥር ገብቶ ይጠፋል። ከብቱ አንገቱን ደፍቶ እንደተሣለ ይቆማል። እኔም መሀል ሜዳ ላይ ነበርሁ፤ አንድ እርምጃ አነሣሁ፣ ሁለተኛውን ግን እግሬ አላነሣልኝም። የእኔ እግር አልነበረም። የሌላ ሰው እግር ሰፍተውልኝ፣ ባለቤቱም አልሄድም ያለ መሰለኝ። በዚያው ቅጽበት የግራ ዓይኔ ደበዘዘ፤ ሽንኩርቱም ሰማዩም አንድ ቀለም ሆኑ። ተቀመጥሁ። ውሃ የሚያጠጣ አንድ ገበሬ ከሩቅ አይቶኝ መጣና ከቦይ ውሃ በባርኔጣው ቀድቶ ራሴ ላይ አፈሰሰልኝ። ትንሽ ቆይቶ እግሬም ዓይኔም ተመለሱ። ገበሬው ሲያሰናብተኝ ፊቴን ሳያይ፣ በቀትር ሜዳ መሀል ብቻዬን እንዳልቆም መከረኝ። ምክንያቱን አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁትም። የቀትር ጋኔን ማለቱ እንደሆነ ለማወቅ የዚህ አገር ልጅ መሆን አያስፈልግም።

እትየ ግን ጋኔን አላሉም። ፀሐይ ላይ ውሎ የወደቀ ሰው ምች ነው የመታው፤ ይኸ ለእሳቸው አያከራክርም። ምች ደግሞ የሚታወቅ መድኃኒት አለው። ዳማከሴ ከጓሮ ቀጥፈው፣ ሌላ ሌላ ቅጠል ጨምረው በትልቅ ድስት አፈሉት። ድስቱን እግሬ መሀል አስቀምጠው፣ ጎንበስ አድርገውኝ፣ ጋቢ ከላይ ጣሉብኝ። እኔ የሳይንስ ተማሪ ነበርሁ፤ ሆኖም ጥሩ ሽታ አለው፣ ላቡም ደስ ይላል፣ እምቢ ለማለትም ደክሞኝ ነበር። እንፋሎቱ ፊቴን ሲያገኘው መጀመሪያ የድስቱን አፍ አየዋለሁ። ከዚያ የድስቱ አፍ ጠፋ። ጋቢው ጨለማ ነውና ግድ አልሰጠኝም። በቃሽ ብለው ጋቢውን ገፈፉልኝ፣ ፊቴንም ቀና አደረግሁ።

«እትየ፣ በሩን ዘጉት እንዴ?» አልኋቸው።

ፀሐዩ ግን ግንባሬን ሲያቃጥለኝ ይሰማኛል። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ እኔ በሩ ላይ ተቀምጬ ነበር።

ልነሣ ብል እግሬ የለም። እጄን ስዘረጋ ድስቱን መታሁት። እትየ ስም እየጠሩ፣ አንዳንዱን የጻድቃን አንዳንዱን የእኔን፣ ግቢውን ሲዞሩ እሰማለሁ። በዚያ ሰዓት የተሰማኝን በቀጥታ ልናገረው፤ ሞት አልመሰለኝም። ሰውነቴ ክፍሎቹን አንድ በአንድ እየዘጋ የሚሄድ ሰው ያለበት ቤት መሰለኝ፣ እኔም መጨረሻ በቀረችው ክፍል ውስጥ ነበርሁ። ኋላ ላቡ ደረቀ። ከዳር በኩል ብርሃን ገባ፤ በመጀመሪያ የአጥሩ እንጨት፣ ከዚያ የእትየ ቀሚስ፣ መጨረሻ ላይ ፊታቸው። እያለቀሱ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ምች የሚለው ቃል በዚያ ግቢ ውስጥ አልተነሣም።

የኔታ ነገሩን ሰሙ። ማታ ራት ላይ፣ ስቅለት እየደረሰ ስለሆነ ከእነሱ ጋር ቤተ ክርስቲያን ውዬ እንድሰግድ ብቻ አሉኝ። እሺ አልሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ስቅለትን ሰግጄ አውቃለሁ፤ ጉልበት ይዝላል እንጂ ሌላ ምን ይመጣል?

ሌላ መጣ። ግቢው በነጠላ ነጭ ሆኗል፣ ሙቀቱ ከመሬት ይነሣል፣ ሕዝቡ «ኪርያላይሶን» እያለ እንደ ገብስ ማሳ ይወድቃል ይነሣል። እኔ አገጬን ወደ ደረቴ ዝቅ ሳደርግ፣ ከማጅራቴ አንድ ነገር ተነሥቶ በአከርካሪዬ ወርዶ እስከ እግሬ ጣት ነዘረኝ። ኮረንቲ ነበር። ቀና ስል ለቀቀኝ። ጎንበስ ስል መታኝ። ቀና ስል ለቀቀኝ። አንዱ ላይ ጮኼ ወደቅሁ። ሴቶቹ ግራና ቀኝ ተከፈሉ፤ በዚያ ሁሉ ሰው መሀል ሰው የማይቆምበት ክብ ቦታ በዙሪያዬ ተከፈተ። አንዷ ለሌላዋ ስትነግር ሰማኋት፤ ስግደት የማይወድ ነገር ይዟታል አለች። መስቀል መጣ። በዚያ ክብ ውስጥ ተኝቼ ያሰብሁትን አልደብቅም፤ ልክ ናት ብዬ አሰብሁ። ለአምላክ ባጎነበስሁ ቁጥር ከውስጤ የሚመታኝ ነገር ካለ፣ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

ያ ሐሳብ ሳምንቱን ሙሉ አብሮኝ ዋለ። ሰው ስመለከት፣ ያ በውስጤ ያለው ነገርም በእኔ ዓይን ሰውየውን የሚያይ መሰለኝ። ፋሲካውን ሥጋ በላሁ፣ ግን ማን እንደ በላው አላውቅም። በመጨረሻ ንዴቴ መጣና አዳነኝ። ብቻዬን ቤቴን ዘግቼ ፈተና አወጣሁለት። ወደ ምሥራቅ ዞሬ ሰገድሁ፤ መታኝ። ወደ ምዕራብ ሰገድሁ፤ መታኝ። የጫማዬን ክር ላስር አጎነበስሁ፤ መታኝ። ወጥ ቤት ገብቼ ለድስቱ ሰገድሁለት፤ ለድስቱም መታኝ። እንግዲህ ይኸ ነገር ስግደት አይጠላም፤ የሚጠላው አንገቴን ማጠፌን ነው። ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ። ቀጥሎ ግን ሳቁ ቆመ፤ ጋኔን ካልሆነ ምን እንደሆነ የሚነግረኝ አልነበረኝምና።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ ጠበል ሄድሁ። የኔታ ራሳቸው ይዘውኝ በአዲስ ዘመን በኩል ወደ ጣራ ገዳም ወጣን። ከሜዳው ሲወጡ አየሩ ይለወጣል፤ ደኑ ውስጥ ሲገቡ ደግሞ ሙቀት የሚባል ነገር ይረሳል። ጠበሉ በረዶ ነበር። ጠዋት ሲያፈሱብኝ ትንፋሼ ተቆረጠ፤ ቀና ስል ግን የዛፎቹን ቅጠል አንድ በአንድ አየሁት፣ በሁለቱም ዓይኔ። እግሬ የእኔ ሆነ። ከድንጋይ ድንጋይ እየረገጥሁ፣ ማንም ሳይደግፈኝ ወረድሁ። አብረውን ከነበሩት ሴቶች አንዷ እልል አለች፣ የኔታ ፊታቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። እኔም አመንሁ። ያን ያህል ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ ዛሬም ቢሆን ያንን ደስታ ውሸት ነበር አልልም።

ሚኒባሱ ወደ ሜዳው ሲወርድ ሰዓቱ ወደ ቀትር ይሄድ ነበር። መስኮቱ አይከፈትም። ወረታ ሳንደርስ ውሃው ጫማዬ ውስጥ ገባ። ዓይኔ ደበዘዘ። መናኸሪያው ላይ ስወርድ የኔታ እጃቸውን ሰጡኝ፣ እኔም ያዝሁት። ሜዳው ላይ የሚጠብቀኝ ነገር ነበር፣ እኔም ተመልሼ መጥቼለታለሁ። ከዚያ በኋላ ቀትር ሲሆን በር ዘግቼ መቀመጥ ጀመርሁ።

ሐኪም ፍለጋ በእውነት የተነሣሁት ግን ሰኔ ላይ ነው፣ በጫማ ምክንያት። ዝናቡ ጀምሮ ማሳው ጭቃ ሆኗል። ከአንድ ገበሬ ጋር ስለ ዘሩ እየተከራከርን ማሳውን አቋርጠን ሄድን። ድንበሩ ላይ ስንደርስ ሰውየው ንግግሩን አቋርጦ እግሬን አየ፣ ከዚያ ወደ ኋላችን አየ፣ ቀስ ብሎም ተመልሶ ሄደ። ጭቃው ውስጥ የቀረ አንድ የቀኝ እግር ጫማ ይዞ መጣ። የእኔ ነው። ማሳውን በሙሉ በባዶ እግሬ ተሻግሬው አላወቅሁም። ገለባው ውስጥ እግሬን ቆርጦት ደም በጭቃው ላይ ይወርዳል፤ ምንም አልተሰማኝም። የሚሰማኝ የተለመደው ውሃ ብቻ ነው፣ ያው ቀዝቃዛም ሙቅም ያልሆነው። ገበሬው ጫማውን በሁለት እጁ ሰጠኝ፣ የሙት ዕቃ እንደሚሰጥ።

ባሕር ዳር አንድ የነርቭ ሐኪም እንዳለ ሰምቼ ሄድሁ። ጸጥ ያለ ሰው ነው። መዶሻውን ጉልበቴ ላይ መታ፣ ውስጥ እግሬን በቁልፍ ጫፍ ጫረ፣ ዓይኖቼን ተራ በተራ በብርሃን አየ። ኤምአርአይ እንድነሣ ላከኝ። ማሽኑ ውስጥ ስተኛ የሚንኳኳው ድምፅ ከበሮ ይመስላል። ኋላም ከወገቤ በመርፌ ውሃ ቀዳ። ውሃ ነው ያለው፤ ከአከርካሪሽ ውሃ እወስዳለሁ ሲለኝ፣ ነገሩን ሳያውቅ፣ እኔ ሳቄ መጣ።

ውጤቱን ይዤ ስገባ ፎቶውን መብራት ላይ ሰቀለው። የገዛ አንጎሌን አየሁት። ግራጫ ነው፣ በግራጫው ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ አለበት፤ አንዱም አንገቴ ውስጥ ነው። ከመናገሩ በፊት ስለ ሙቀት ጠየቀኝ። የእትየን ድስት፣ የስቅለቱን ኮረንቲ፣ የጣራ ገዳምን ጠበል ነገርሁት። እንደሚስቅብኝ እየጠበቅሁ ነበር። እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ድሮ ይኸ ማሽን ሳይኖር ሐኪሞች እንዲህ ያለውን በሽተኛ ሙቅ ውሃ ገንዳ ውስጥ ያስገቡት ነበር» አለኝ። «ዓይኑ ከደከመ በሽታው ይኸ ነው ይላሉ። አከራይሽ ያደረጉት እሱን ነው። ሙቀት ያብሰዋል፣ ብርድ ለጊዜው ያሽለዋል። ድስቱም ጠበሉም የነገሩሽ እውነት ነው፤ የሚያነብልሽ ነው ያጣሽ።»

ስሙን ነገረኝ፤ መልቲፕል ስክሌሮሲስ። በእኛ አገር የለም ይባል ነበር አለ፣ የሚያሳየው ማሽንም የሚያነበው ሐኪምም ስላልነበረ። ከዚያ አስረዳኝ፤ ሰውነት ከውጭ የሚመጣን ጠላት የሚከላከልበት ኃይል ተሳስቶ የራሱን ነርቭ ልባስ ይበላል። ልባሱ የተላጠ ነርቭ መልእክት ያፈሳል፣ ያዘገያል፣ አንዳንዴም ያልተላከ መልእክት ያደርሳል። እኔ በልቤ ወደ ሩዝ ማሳ ተረጎምሁት። የማሳው ዳር ሲፈርስ ውሃው ለታችኛው ማሳ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይቀራል፤ ፀሐይ ሲበረታ ደግሞ ጨርሶ አይደርስም። እንዲህ ካሰብሁት በኋላ ገባኝ። ገብቶኝም አለቀስሁ።

በእግሬ እሄዳለሁ ወይ ብዬ ጠየቅሁት። የሚያባብል ሰው አይደለም። ለአሁኑ የሚያስታግስ ኃይለኛ መድኃኒት በደም ሥሬ እንደሚሰጠኝ፣ ከዚያም የሚመጣውን የሚያዘገይ ሌላ መድኃኒት በየስድስት ወሩ እንደምወስድ ነገረኝ።

«የሄደው ይመለሳል ብዬ ቃል አልገባልሽም» አለ። «እግርሽ ውስጥ ያለው ውሃ አሮጌ ጠባሳ ነው፤ ይመጣል ይሄዳል፣ አትስሚው። ከቁርጭምጭሚትሽ ወደ ላይ መውጣት ከጀመረ ግን አንድ ቀን እንኳ አትደሪ፤ ነይ።»

መድኃኒቱ በደም ሥሬ ሲገባ አፌን ብረት ብረት አለኝ፣ እንቅልፍ ነሣኝ፣ ፊቴን አሳበጠው። ወረታ ስመለስ እትየ ወፍረሽ መጣሽ ብለው ደስ አላቸው። ለየኔታ በሽታውን እንደ ገባኝ አስረዳኋቸው። በጥሞና ሰሙኝ። ከውጭ የገባ ነገር የለም ማለት ነው ወይ ብለው ጠየቁ። የለም፣ ከራሴው ነው አልኋቸው። መቋሚያቸውን ከግድግዳው አስደገፉ።

«እሱማ የባሰ ነው ልጀ» አሉ። «ጋኔን ቢሆን ውጣ ይሉታል። ራስን ወዴት ውጣ ይሉታል?»

እንዲህ ያለውን ነገር ሲናገሩ ክፋት የለባቸውም። እኔ ግን ያን ንግግር ይዤ ክረምቱን ገባሁ። ሥራዬን ጠዋት ጠዋት አደረግሁ። ጥላ ያዝሁ፣ አንገቴ ላይ እርጥብ ፎጣ ጠመጠምሁ፤ ገበሬዎቹ ሙሽሪት አሉኝ። ዓይኔ ጸና፣ ኮረንቲውም እየሳሳ ጠፋ። ውሃው ግን እግሬ ላይ ቀረ። ማሳ ውስጥ ስገባና ስወጣ ለእግሬ ልዩነት የለውም፤ እውነተኛው ውሃ ከውሸተኛው ሥር ተቀብሯል። በየእርምጃው ዝቅ ብዬ አያለሁ፣ የረገጥሁትን የምሰማው በዓይኔ ነው። ይኸ እስከ መቼ ይቻላል? እግሩን የማይሰማ የሩዝ ባለሙያ ወይ ቢሮ ይዘጋበታል ወይ ወደ ደጋው ይመለሳል። ማታ ማታ የማስበው ይኸንን ነበር፤ ከቁርጭምጭሚቴ ወደ ላይ ከወጣብኝና ጉልበቴን ከያዘው ሜዳውን እንደማጣው። ከስንት ጊዜ በኋላ መመልከቱም ሰለቸኝ። ሐኪሙ አትስሚው ብሎ የለ? ሲመጣ ዝም እለው ጀመር።

ነሐሴ ነበር፣ የፍልሰታ ጾም። የኔታና እትየ ለቅዳሴ ሄደው ግቢው ውስጥ ብቻዬን ነኝ። ከስንት ቀን ዝናብ በኋላ ሰማዩ ጠርቷል፣ ፀሐዩ ይፋጃል፣ አንድ ደመና የለም። በረንዳው ላይ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ፣ ሰፌዱን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ለናሙና ያመጣሁትን የሩዝ ዘር እለቅማለሁ። ቀትር እየሆነ ነው። ወፉ ዝም ብሏል። ዶሮዎቹ ደግሞ ምን እንደነካቸው አጥሩ ላይ ወጥተዋል።

ውሃው መጣ፣ እንደ ልማዱ ከእግሬ ሥር። ዝም አልሁት። ዘሬን መልቀሜን ቀጠልሁ። ቆይቶ ቁርጭምጭሚቴን አለፈ።

እጄ ሰፌዱ ላይ ቆመ። አልፎ አያውቅም። ስንት ወር ሙሉ የነበረበትን ልክ አንድ ጣት አልፎ አያውቅም። አሁን ግን ይወጣል፤ ቀስ እያለ፣ ሳይቸኩል፣ በሁለቱም እግሬ። ባቴን ያዘ። የኔታ ያሉት ትዝ አለኝ፣ ሐኪሙ ያለውም። ዝቅ ብዬ ላየው ፈለግሁ፣ አልቻልሁም። ደረቅ እግር ባይ ምን ልሆን ነው? ደረቅ እግሬን ካየሁ በቃ፣ በሽታው ወደ ላይ እየወጣ ነው ማለት ነው፤ ሳላየው ብቆይ ለትንሽ ጊዜ ነውም አይደለምም ሊሆን ይችላል። ዓይኔን ዘሩ ላይ ተክዬ ተቀመጥሁ። ጉልበቴ ሥር ደረሰ። ግቢው ጭጭ ብሏል፤ አንድ ነገር ብቻ፣ በጣም ቀስ ብሎ፣ የበረንዳውን ምሰሶ ይልሳል።

«አንች ልጅ!» የእትየ ድምፅ ከበሩ መጣ። «ምን ነክቶሽ ነው የተቀመጥሽ? ርብ ሞልቶ ገባ እኮ!»

አየሁ። ግቢው የለም። ከአጥሩ ወዲህም ወዲያም አንድ ቡናማ ውሃ ነው፣ ሰማዩ ከነፀሐዩ ተኝቶበታል። ጎርፉን ያመጣው ዝናብ የዘነበው እዚህ ሳይሆን፣ ርብ ወንዝ ከሚነሣበት ከጉና ተራራ ላይ ነበር። እትየ ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ ውሃው ጉልበታቸው ድረስ እየያዛቸው ይመጣሉ። የእኔም ሁለት እግሮች በውሃው ውስጥ አሉ፤ አንዱ ጫማዬ ለብቻው ወደ ወጥ ቤቱ ይንሳፈፋል።

እህሉ መሬት ላይ ነበር፣ ማገዶውም፣ የየኔታ መጻሕፍት ዝቅተኛው መደርደሪያ ላይ። ለማዳን መሮጥ ነበረብኝ፣ ኋላም ሮጫለሁ። ነገር ግን መጀመሪያ ሰፌዱን አስቀምጬ፣ ቀኝ እግሬን ከውሃው አወጣሁት። አየር ነካው። መልሼ ነከርሁት። አወጣሁት። ነከርሁት። እንባዬ እየወረደ እስቅ ነበር።

እትየ ደርሰው ትከሻዬን ያዙኝ። ፊታቸው ላይ የስቅለት ዕለቱ ፍርሃት ተመልሷል።

«ቤታችን ጠፍቶ ምን ያስቅሻል አንች?»

«ይቀዘቅዛል፣ እትየ» አልኋቸው። «ውሃው ይቀዘቅዛል።»